የቆሰለውን ድድ «ይለምዱታል» ብላችሁ አትሸኙን

ለተከበራችሁ የጥርስ ሕክምና ክፍሉ አስተዳደር
ጅማ

ግልባጭ፦ በከተማችን ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚሠሩ ክሊኒኮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ አዲስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከተሰጠ በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ በአንድ ጊዜ ብቻ እንዲወሰን ስለተላለፈው ውሳኔ

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

በቅርቡ በካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ መሠረት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የተሠራለት ሰው ለማስተካከያ ያለ ክፍያ መመለስ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ጥርሱን ከተረከበ ከሳምንት በኋላ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሰው እንደ አዲስ ታካሚ ካርድ ያወጣል፣ ይከፍላል፣ ወረፋ ይይዛል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ውሳኔው ስላስጨነቀን ነው። የተቋማችሁን ስም ያልጠቀስነው ሌሎች ክሊኒኮችም ወደዚሁ አሠራር እያዘነበሉ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጸብ እንዳይመስል ብለን ነው።

እኛ በጅማና በዙሪያዋ የምንኖር፣ አብዛኞቻችን ጡረታ የወጣን፣ ጥርሳችንን በድድ በሽታና በዕድሜ ብዛት ያጣን ሰዎች ነን። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ፤ ሰም ስቀርጽና አክሪሊክ፣ ማለትም የሰው ሠራሽ ጥርሱ ሮዝ አካል የሚሠራበትን ፕላስቲክ፣ ሳበስል ነው የኖርኩት። ዛሬ ከላይም ከታችም የሌላ ባለሙያ ሥራ አፌ ውስጥ አለ። ስለዚህ የምናገረውን ከሁለቱም ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ።

ውሳኔያችሁ የተመሠረተው ጥርሱ ለታካሚው በተሰጠበት ዕለት ሥራው አልቋል በሚል አስተሳሰብ ላይ ነው። አላለቀም። ልክ ሲወሰድ ድዱ አርፎ የተቀመጠ ነው፤ ሲያኝኩበት ግን ይጨመቃል። አክሪሊክ ሲበስል በመጠኑ ይኮማተራል፤ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቴክኒሺያን ይህን ማስቀረት አይችልም። ከድዱ ሥር ያለው አጥንትም ወጥ አይደለም፤ አንዱ ቦታ ስል ነው፣ ሌላው ቦታ ወጣ ብሏል፣ ላዩን የሸፈነው ሥጋ ደግሞ ስስ ነው። በታችኛው መንጋጋ ችግሩ ይከፋል፤ ጥርሱ የሚያርፍበት ስፋት የላይኛው ግማሽ ያህል ስለሆነ እያንዳንዷ ቦታ የምትሸከመው ጫና ይበዛል። በዚህ ሁሉ ምክንያት አዲስ ጥርስ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ መጫኑ የሚጠበቅ ነው። ያንን ቦታ አግኝቶ ማቃለል ጥርሱን ከመሥራት የሚለይ ተጨማሪ አገልግሎት አይደለም፤ የሥራው የመጨረሻ ክፍል ነው፣ ስንከፍልም የከፈልነው ለእሱ ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የቀጠሮው ጊዜ ነው። አዲስ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚያቆስለው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ለዚህም ነው በሙያው ታካሚው በ24 ሰዓት፣ ከዚያ በ72 ሰዓት አካባቢ፣ ከዚያም በሳምንቱ እንዲታይ የሚመከረው። የእናንተ ውሳኔ ሁለቱን ዋና ዋና ቀጠሮዎች ሰርዞ የመጨረሻውን ብቻ አስቀረ። ውጤቱን ከቆጪ ሰፈር በመጡ አንዲት እናት ላይ አየነው። የታችኛው ጥርሳቸው ከምላሳቸው ሥር በኩል ቆረጣቸው፤ በሁለተኛው ቀን ምራቅ መዋጥ አቃታቸው። መጡ፤ ቀጠሮዎ ገና ነው ተብለው ተመለሱ። ምን ያድርጉ? አውልቀው በመሐረብ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። የሚወጋው ነገር የተነሣለት ድድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሽራል። በቀጠሯቸው ዕለት ሐኪሙ አፋቸውን አይቶ «ምንም ቁስል የለም፤ ይለምዱታል» አላቸው። ያለ ክፍያ የተፈቀደችላቸው አንዲት ቀን በዚሁ አለቀች። ቤታቸው ገብተው ጥርሱን ሲያደርጉት ቁስሉ እዚያው ቦታ ላይ ተመለሰ።

ለቀጠሮ ሲመጡ ጥርሱን ቢያንስ ከቀደመው ቀን ጀምረው አድርገውት እንዲቆዩ፣ ካልሆነ የቀላው ቦታ እንደማይታይ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኒህ እናት ዛሬ ጥርሳቸውን የሚያደርጉት ለሠርግና ለዓመት በዓል ነው። ማዕድ ሲቀርብ ዘወር ብለው ያወልቁታል። ቆሎ ቀርቶ ለስለስ ያለ ሥጋ እንኳ ከቀመሱ ቆይተዋል።

ሁለተኛው ቅሬታችን የሚጫነው ቦታ የሚፈለግበት መንገድ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ ብዙው ሥቃይ የሚመጣው ከዚህ ነውና። አሁን በአብዛኛው የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ታካሚው በጣቱ «እዚህ ጋ ያመኛል» ይላል፤ ባለሙያው ጥርሱን ተቀብሎ በግምት ያንን አካባቢ ይሞርዳል፤ መልሶ ይሰጣል። ታካሚ ግን የሕመሙን ቦታ በትክክል ማመልከት አይችልም። አፍ ውስጥ ሕመም ይሰራጫል፤ ጣትና ምላስ የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ቦታ ፈቀቅ ያለ ነው። በግምት የተሞረደ ጥርስ ያለ ቦታው ይሳሳል፣ የሚጫነው ጉብታ እዚያው ይቀራል፣ ጥርሱም ከድዱ ጋር የነበረውን መጣበቅ አጥቶ ይላላል። ከሁለት ያጣ ማለት ይህ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ግን የታወቀ ነው፤ ከባድም አይደለም። በመጀመሪያ ጥርሱ አፍ ውስጥ ሳይገባ በፊት፣ ድዱን የሚነካው ገጽ በጣትና በቁስል ጋዝ ይዳሰሳል። ዓይን የማያያትን ጥቃቅን የአክሪሊክ እሾህ ጋዙ ያገኛታል፤ ክሩ ይያዝባታል። ያ ከተስተካከለ በኋላ ጥርሱ ይደርቅና ድዱን የሚጫነውን ቦታ የሚያሳየው ነጩ አመልካች ክሬም ድዱን በሚነካው ገጽ ላይ በትንሽ ብሩሽ በስሱ ይቀባል፤ የብሩሹ ጸጉር የተወው መስመር በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ እስኪታይ ድረስ። የታካሚው አፍ እርጥብ መሆን አለበት፤ አለዚያ ክሬሙ ድዱ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ሐሰተኛ ምልክት ይሰጣል። ከዚያ ጥርሱ በቀስታ ይገባል፤ ታካሚው ሳይነክስ፣ ባለሙያው በሁለት ጣቱ ከመንጋጋ ጥርሶቹ በላይ አመዛዝኖ ይጫነዋል፤ ከዚያ ያወጣዋል።

አሁን ጥርሱ ራሱ ይናገራል። የብሩሹ መስመር እንዳለ የቆየበት ቦታ ድዱን አልነካም። መስመሩ ጠፍቶ ክሬሙ በስሱ የተዳመጠበት ቦታ በደንብ ነክቷል። ክሬሙ ፈጽሞ ተገፍቶ ሮዙ አክሪሊክ ቁልጭ ብሎ የታየበት ቦታ ግን ከሌላው ይልቅ እየተጫነ ነው። መሞረጃው የሚነካው ያንን ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም በጥቂቱ። ከዚያ ክሬሙ ተጠርጎ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ይታያል፤ ጎልቶ የሚታይ ሮዝ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ይደጋገማል። እዚህ ላይ የባለሙያው ማስተዋል ያስፈልጋል፦ ጥርሱ ሲገባና ሲወጣ ጎኑ ላይ የሚታከክበት ቦታም ክሬሙን ይጠርገዋል፤ ያንን ከጫና ጋር አምታቶ መሞረድ ጥርሱን ያላላዋል። ላይኛውና ታችኛው ለየብቻ ከታዩ በኋላ የተሞረደው ቦታ ይለሰልሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ ታካሚውን ደጋግሞ ከማመላለስ ያነሰ ነው።

ክሬሙ ከውጭ አይገባም የሚል ምላሽ ሰምተናል። ነገር ግን የዚህ ክሬም ዋና ነገር ዚንክ ኦክሳይድ ዱቄትና የረጋ የአትክልት ቅባት ነው፤ ሁለቱን እኩል አዋሕዶ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ማዘጋጀት በሙያው የታወቀ ነው። ምንዛሪ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ድድ በቆሰለ ቁጥር ጥፋቱ የድዱ በኩል ነው ተብሎ ይታሰባል። በሥራ ላይ ሳለሁ ለማረም ከሚመለሱልን ጥርሶች መካከል ብዙዎቹ ችግራቸው ንክሻው ላይ ነበር። አንድ የመንጋጋ ጥርስ ከሌሎቹ በጥቂቱ ከፍ ካለ፣ ሰውየው በነከሰ ቁጥር ጥርሱ በሙሉ ይንሸራተትና ድዱን ሌላ ቦታ ላይ ያሻዋል። ቁስሉን እያዩ ከውስጥ ቢሞርዱት ነገ በአጠገቡ ሌላ ቁስል ይወጣል። ለመለየት መጠየቅ ይበቃል፦ የሚያምዎት ሲያስገቡትና ሲያወጡት ነው? እንግዲያው ጎኑ የሚታከክበት ቦታ ይፈተሽ። ዝም ብለው ሲቀመጡ ምንም ሳይልዎት ሲያኝኩ ብቻ ነው? ንክሻው፣ ሲነከስ ጥርስ ከጥርስ የሚጋጠምበትን ቦታ ቀለም በሚቀባው የቀለም ወረቀት ይታይ። ጠዋት ደህና ሆኖ እየዋለ ሲሄድ መላ ድድዎን ያደክምዎታል? የጥርሱ ቁመት በዝቶ ሊሆን ይችላል። አሁን በሚሰጠን አጭር ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቀን የለም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የታችኛውን ጥርስ ካደረጉ ጀምሮ ሲያኝኩ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ይሰማቸው፣ ከንፈራቸውም በአንድ ወገን ይደነዝዝ ነበር። ቤተሰባቸው ስትሮክ ነው ብሎ ተሸበረ። ለአገጭና ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከመንጋጋ አጥንት የሚወጣው በጎን በኩል ነው፤ ጥርስ ከወለቀ ብዙ ዓመት ሲሆነው ግን አጥንቱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ የነርቩ መውጫ ቀዳዳ የድዱ አናት ላይ ሊቀር ይችላል። የመምህሩ ጥርስ በትክክል እዚያ ላይ ነበር የሚያርፈው። አንድ አስተዋይ ሐኪም በመጨረሻ ያችን ቦታ ፈልጎ ከውስጥ አጎደጎዳት፤ ሕመሙም ለቀቃቸው። ሐኪሙ ያደረገው ነገር ከላይ የገለጽኩትን ብቻ ነው። ግን መምህሩ እዚያ የደረሱት በየጊዜው አዲስ ካርድ እያወጡ ነው።

አራተኛው ቅሬታ ከከተማ ውጭ የሚመጡትን ይመለከታል። ከአጋሮ እዚህ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ የሚመጣም አለ። ለእነዚህ ሰዎች የትራንስፖርቱ ወጪ ላይ የካርዱ ሲጨመርበት መመለሱ ይቀራል። ከአጋሮ በኩል የሚመጡ አንድ አባት እንደገና ከመክፈል ብለው ከንፈራቸውን ከድዱ ጋር በሚያያይዘው ክር አጠገብ የሚቆርጣቸውን የላይኛው ጥርስ ጠርዝ በእንጨት ሞረድ ሞረዱት። ለክሩ የሚያስፈልገው ጠባብ ጎድጓድ ነበር፤ እሳቸው ግን የፊቱን ጠርዝ በሙሉ አሳጠሩት። የላይኛው ጥርስ አፍ ውስጥ የሚቆየው ጠርዙ ዙሪያውን አየር ሳያስገባ ሲዘጋ ነው። አሁን ሲናገሩ ይወድቅባቸዋል። ያ ጥርስ ጠርዙ እንደገና ካልተሞላ አያገለግልም፤ ያወጡበት ገንዘብ ደግሞ የቡና ሽያጭ ነው። እሳቸውን የሚወቅስ ካለ እኔ ከወቃሾቹ ጋር አይደለሁም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበን አለ። በጥርስ ጫና የመጣ ቁስል ጫናው ከተነሣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መዳን አለበት። ካልዳነ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የአፍ ካንሰርም አንዱ ነው፣ ስለዚህ ናሙና ተወስዶ መመርመር ያስፈልገዋል። ታዲያ ሁለተኛ ቀጠሮ በሌለበት ቁስሉ መዳን አለመዳኑን ማን ያያል? ከመካከላችን አንድ ሰው ጉንጫቸው ውስጥ ያለው ቁስል ሳይድን ሰንብቶ፣ በራሳቸው ጉትጎታ ናሙና ተወሰደላቸው። ውጤቱ ደህና ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የሰው ሕይወት በጉትጎታ ላይ መንጠልጠል የለበትም። እንዲሁም ረዝሞ የቀረ ጠርዝ ለወራት ሲፈገፍግ በጠርዙ ዙሪያ ትርፍ ሥጋ ያበቅላል፤ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወገድም። በጊዜው በጥቂት ደቂቃ ሞረዳ የሚያልቀው ነገር ለተቋሙም ቢሆን ትልቅ ሥራ ሆኖ ይመለሳል።

«ይለምዱታል» ስለሚባለው ነገር አንድ ቃል እንጨምር። የሚለመድ ነገር አለ፤ አንክድም። በመጀመሪያ ሰሞን ምራቅ ይበዛል፣ አፍ የሞላ ይመስላል፣ ንግግር ይኮላተፋል፤ ይህ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ከመንደራ ሰፈር የሆኑ ቁርዓን የሚያስቀሩ አንድ ሼህ ድምፃቸው እንዲጠራ በየማለዳው ጮክ ብለው እያነበቡ ነው ጥርሱን የለመዱት። እኒሁ ሼህ ግን የላይኛው ጥርሳቸው የኋላ ጠርዝ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የሚፈገፍጋቸውን ቁስል ሊለምዱት አልቻሉም፤ ማንም አይችልም። የቆሰለ ድድ አይደድርም፤ ይብሳል። በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁስሉ በቶሎ አይድንም፤ ለደም ግፊትና ለሌላም ሕመም የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች አፍ ስለሚያደርቁ ደግሞ ድዱ ለመላላጥ ይቀርባል። ከእኛ መካከል ከሁለቱ አንዱ የሌለበት ሰው ጥቂት ነው።

ሐኪሞቹን ለመክሰስ አልመጣንም። ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የምናየው እኛው ነን። ጊዜያቸውን የነፈጋቸው ግን ይህ ውሳኔ ነው፤ ሦስት አጫጭር ቀጠሮ ይበቃው የነበረውን ሥራ አንድ ቀን ላይ ጠቅልሎ ከመረው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ማስታወቂያው ይነሣ። ጥርሱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ያለው ማስተካከያ በጥርሱ ዋጋ ውስጥ ይካተት፤ አዲስ ካርድም አይጠየቅበት። ቀጠሮው በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ይሁን። ከሩቅ ለሚመጡ ሰዎች ጥርሱ ጠዋት ይሰጥ፤ ከተማው ውስጥ ምሳ በልተውበት ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይታዩ፣ የሚቻላቸውም አድረው ጠዋት ታይተው ይሂዱ። አጣዳፊ ሕመም ያለበት ሰው ቀጠሮው ባይደርስም አይመለስ።

አመልካች ክሬምና የንክሻ ቀለም ወረቀት ከሕክምና ወንበሩ አጠገብ አይጥፋ፤ ያለ እነርሱም ማንም ሰው ጥርሳችንን አይሞርድ። የትኛው ቦታ ለምን እንደተሞረደ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ባለሙያ ሲያየን ከዜሮ እንዳይጀምር። በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ያለ ጉትጎታ ለናሙና ምርመራ ይላክ።

ለእያንዳንዱ ታካሚ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ይሰጠው፤ ማንበብ ለማይችል በቃል ይነገረው። በመመሪያው ላይ ለቀጠሮ ከመምጣቱ በፊት ጥርሱን አድርጎ እንዲቆይ፣ በራሱ እጅ እንዳይሞርድ፣ ሌሊት አውልቆ ውኃ ውስጥ እንዲያስቀምጥ፣ ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና እንጂ የፈላ ውኃና በረኪና እንዳይጠቀም፣ ሲያጥበውም ቢያመልጠው እንዳይሰበር ከሥር ውኃ የያዘ ሳፋ እንዲያደርግ ይጻፍ። መመሪያውን በማዘጋጀትና ለአዳዲስ ታካሚዎች በቃል በማስረዳት ለማገዝ እኔና ሌሎች ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን።

ምላሻችሁን ውሳኔውን በለጠፋችሁበት በካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ በጽሑፍ እንድትለጥፉልን፣ ለውይይት የምትፈልጉን ከሆነም ቀን እንድትቆርጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በጅማና በአካባቢዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጠቀሙ ጡረተኞችን በመወከል
ጡረታ የወጣ የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን
ጅማ